«እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት

በወላይታ ሶዶ ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ልማት ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው የንጹሕ ውኃ ጉድጓድ፣ የችግኝ ጣቢያ፣ የወፍጮ ቤት ወይም የእናቶች የቁጠባ ማኅበር ነው። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ዛሬ ግን ስለ ሌላ ሀብት ልንነጋገር ወደድን። ይህ ሀብት በሚዛን አይመዘንም፤ በንብረት መዝገብም አይሰፍርም፤ ሲጠፋም ድምፅ የለውም። እርሱም የአረጋውያን አባቶቻችንና እናቶቻችን የማስታወስ ችሎታ ነው።

ይህ ሀብት በየአጥቢያችን ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ እናስተውል። ሁለት ወጣቶች ለጋብቻ ሲተጫጩ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንዳይኖር ቆጥረው የሚነግሩን አረጋውያን ናቸው። ማላና ዶጋላ በሚባሉት በሁለቱ የወላይታ ታላላቅ የጎሳ ክፍሎች ሥር የማን አያት ከየትኛው ቤት እንደመጣች የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ይዞታ ከጎረቤት ማሳ የሚለይበትን ምልክት የሚያሳዩን፣ በ1960ዎቹ ዋዱ በመባል የሚታወቀው የእርሻ ልማት ሥራ ሲጀመር ምን እንደተደረገ፣ በ1977ቱ ድርቅ ማን ማንን እንዳበላ የሚተርኩልን እነርሱ ናቸው። ደሬ ጪማ ተብለው ለእርቅ ሲቀመጡም ፍርዳቸው የሚጸናው ያለፈውን ስለሚያስታውሱ ነው። እንግዲህ የአንድ አረጋዊ ትውስታ ሲደበዝዝ የሚጎዳው አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም፤ አጥቢያው ሁሉ ነው።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ አንገብጋቢ የሆነበት ምክንያትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ በአገራችን አንድ ሕፃን ሲወለድ ይኖራል ተብሎ የሚጠበቀው ዕድሜ በአማካይ ከ50 ዓመት በታች ነበር። ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ሆኗል። ስለዚህም እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ነገር ግን ዕድሜ ሲረዝም ከዕድሜ ጋር የሚመጡ ሕመሞችም ይበዛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖራሉ፤ ከእነርሱም ከመቶ 60 የሚበልጡት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ ናቸው። የባለጸጎች አገር በሽታ ነው ብለን ልናልፈው አንችልም።

በሩን የሚዘጉ ሁለት መልሶች

አንዲት እናት ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው ሲጠይቁ፣ አንድ አባት ዘመናቸውን ሁሉ ከተመላለሱበት ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ሲጠፋቸው፣ በየቤታችን ሁለት መልሶች ይሰማሉ። አንደኛው «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል» የሚል ነው። ሁለተኛው «መንፈስ ነው» ወይም «የሰው እጅ አለበት» የሚል ነው። ሁለቱ መልሶች የተለያዩ ቢመስሉም ፍሬያቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም የመመርመሪያውን በር ይዘጋሉ። የመጀመሪያው ሊታከም የሚችለው ሳይታከም እንዲቀር ያደርጋል። ሁለተኛው ደግሞ ሕመምተኛውን ለኀፍረት፣ ቤተሰቡን ለመደበቅ፣ አንዳንዴም አረጋዊውን በጓዳ ለመዝጋትና ለማሰር ይዳርጋል።

የወላይታ ሕዝብ ይህን ጎዳና ከዚህ በፊት በሌላ ሕመም ተጉዞበታል። በባዶ እግር ቀዩን አፈር ሲረግጡ ከኖሩ ገበሬዎች መካከል የብዙዎች እግር ያብጥ ነበር። ሕመሙ የዘር እርግማን ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር ሕሙማኑ ከገበያም፣ ከለቅሶም፣ ከጋብቻም ይርቁ ነበር። በዚሁ በሶዶ የተመሠረተው ሞሲ ፉት ማኅበርና ተመራማሪዎች በብዙ ድካም ያስተማሩት እውነት ግን ሌላ ነበር። ሕመሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ አይተላለፍም፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘውን ቀይ አፈር ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ከመርገጥ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በወላይታ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገምበትንም ምክንያት አሳየ፤ አንዳንድ ሰዎች ለአፈሩ የበለጠ ተጋላጭ የሚያደርጋቸው ተፈጥሮ ይወርሳሉ። መከላከያውም ጫማ፣ ሳሙናና ውኃ ሆኖ ተገኘ። እርግማን የተባለው ነገር በጫማ የሚከለከል ሆነ ማለት ነው። የመርሳት በሽታ እንዲህ ቀላል መፍትሔ የለውም። ነገር ግን ከዚያ የተማርነው ትምህርት ለዚህም ያገለግላል፤ ስም ከመስጠታችን በፊት መንስኤውን እንጠይቅ።

እውነተኛው ነገር ምንድን ነው?

ዕድሜ ሲገፋ አእምሮ ዝግ ማለቱ ተፈጥሮ ነው። የሰው ስም ከአፍ ላይ ጠፍቶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትዝ ማለቱ፣ መነጽር የት እንዳስቀመጡ መርሳት፣ አዲስ ነገር ለመማር ቀድሞ ከሚበቃው የበለጠ ጊዜ መፈለግ በሽታ አይደለም። በሽታን የሚያመለክተው የዕለት ኑሮ ሲናጋ ነው። መነጽር ያስቀመጡበትን መርሳት አንድ ነገር ነው፤ መነጽር ለምን እንደሚያገለግል መርሳት ሌላ ነው። ዕድሜዋን ሁሉ እንሰት ስትፍቅ፣ ስትቀብር፣ ቆጮ ስትጋግር የኖረች እናት የሥራውን ቅደም ተከተል ካጣች፣ በገበያ የማትታለል የነበረች ሴት የገንዘቡን መልስ መቁጠር ካቃታት፣ ትሑትና ዝምተኛ የነበረ ሰው ያለምክንያት ተጠራጣሪና ቁጡ ከሆነ፣ ይህ ዕድሜ ብቻ አይደለም።

የመርሳት በሽታ የብዙ ሕመሞች የጋራ ስም ነው። ከሁሉ የሚበዛው አልዛይመር የሚባለው ሲሆን ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1906 ሕመሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ካስረዳው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። ሌላው ዋነኛ ዓይነት የሚመጣው ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱት ሥሮች ሲጎዱ ነው፤ ለዚህም የደም ግፊትና የስኳር በሽታ በር ይከፍታሉ። እነዚህን ሕመሞች ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የሊቃውንት ጉባኤ ዘገባ 14 ልንቀንሳቸው የምንችላቸው አጋላጭ ነገሮችን ዘርዝሮ፣ እነርሱ ሁሉ ቢወገዱ በዓለም ላይ ከሚከሰተው የመርሳት በሽታ ከመቶ 45 ገደማ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ብሏል። ይህ ለአንድ ሰው የሚሰጥ ዋስትና አይደለም፤ ተጠንቅቆ የኖረም ሊታመም ይችላል። ለሕዝብ ሲታሰብ ግን ታላቅ ተስፋ ነው።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ስለዚህ «እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንድንጠይቅ እናሳስባለን። ጥያቄዎቹ ሐኪም መሆንን አይጠይቁም፤ የንስሐ አባትም፣ የማኅበር ሙሴም፣ የቤት ልጅም ሊጠይቃቸው ይችላል።

የመጀመሪያው «ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚል ነው። አረጋዊው ትናንት ደኅና ሆነው ውለው ዛሬ ሰው መለየት ካቃታቸው፣ ንግግራቸው ከተዘበራረቀ ወይም ከወትሮው በተለየ ከደነዘዙ፣ ይህ እርጅና አይደለም። እርጅና በአንድ ሌሊት አይመጣም። ምናልባት ወባ፣ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ሕመም፣ የውኃ ጥም ወይም የስኳር መጠን መውረድ ይሆናል። በአረጋዊ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ሕመም ትኩሳት ሳያሳይ በአእምሮ መታወክ ብቻ ሊገለጥ ይችላል። አፍ ከተጣመመ ወይም አንድ ጎን ከዛለ ደግሞ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሁሉ ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።

ሁለተኛው «ሌላ የጎደለ ወይም የተጨመረ ነገር አለ?» የሚል ነው። የመርሳት በሽታን የሚመስሉና ግን የሚታከሙ ነገሮች ብዙ ናቸው። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መድከም አእምሮን ያደነዝዛል። የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ ከሞተ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ሰውን ዝም ያሰኛል፤ ምግብና እንቅልፍ ይነሣል፤ የማስታወስ ኃይሉንም ይቀንሳል። ጆሮው የከበደ ሰው የተነገረውን ረሳ ይባላል፤ እርሱ ግን መጀመሪያውኑ አልሰማም። የዓይን ሞራ የጋረደው ሰው ሰላምታ ካልሰጠን ረሳን እንላለን፤ እርሱ ግን አላየንም። አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶችም አረጋውያንን ያደናግራሉ። ስለዚህ ወደ ሐኪም ሲኬድ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ይዞ መሄድ መልካም ነው። አረቄ በብዛት የሚጠጣ ሰውም የመርሳቱ ምክንያት ከብርጭቆው ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

በዚህ ክፍል በተለይ ለእኛ የሚሆን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ቫይታሚን ቢ 12 ነው። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከመሰል የእንስሳት ውጤቶች ነው። እንሰት ወላይታን በክፉ ዘመን ያሳለፈ የበረከት ተክል ቢሆንም ይህን አይሰጥም፤ ጥራጥሬና ጎመንም አይሰጡም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የጾም ቀናት ለምእመናን በዓመት ከ180 በላይ ናቸው፤ ለካህናትና ለመነኮሳት ደግሞ እስከ 250 ይደርሳሉ። በዚህ ላይ በፍስኩም ወራት እንቁላልና ወተት ለገበያ የሚሸጥበት፣ በቤት የማይበላበት ድህነት አለ፤ ዕድሜ ሲገፋም ሆድ ቫይታሚኑን ከምግብ የመውሰድ ኃይሉ ይቀንሳል። ቢ 12 ሲያንስ እጅና እግር ይደነዝዛል፤ ሚዛን ይጠፋል፤ ማስታወስም ይደክማል። በጊዜ ከተደረሰበት በመርፌ ወይም በእንክብል ይተካል። ይህን የምንለው ጾምን ለመቃወም አይደለም፤ ጾም የነፍስ መድኃኒት ነውና። የምንለው ይህ ነው፤ በፍስክ ቀናት ለአረጋውያን እንቁላሉና ወተቱ ይቅደምላቸው፤ የታመሙትንም የንስሐ አባት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መሠረት እያየ ያስተናግድ። ሕመምተኛ በራሱ ጽናት እንዲወድቅ መተው አባትነት አይደለም።

ሦስተኛው ጥያቄ «የዕለት ኑሮን ምን ያህል አውኳል?» የሚል ነው። ችግሩ ቀስ በቀስ ለወራት የጨመረ ከሆነ፣ ሌላ ምክንያትም ካልተገኘ፣ ምርመራውን እስከ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል። በሶዶ ከተማ የዩኒቨርሲቲውን ሪፈራል ሆስፒታል ጨምሮ ይህን የሚያዩ ተቋማት አሉን። ለጊፋታና ለመስቀል ልጆች ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ሲሰበሰቡ፣ ዓመት ሙሉ አብሮ የኖረው ያላየውን ለውጥ ከሩቅ የመጣው ያየዋል። ያንን ጊዜ በድግስ ብቻ አናሳልፈው፤ ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ስለ አባትና ስለ እናት ጤና ይነጋገርበት።

ከወዲሁ የሚጠበቅ ሀብት

አእምሮን የመጠበቅ ሥራ በ70 ዓመት አይጀመርም። በአርባዎቹና በአምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ፣ ዛሬ በሰበካ ጉባኤው ወንበር የተቀመጡት ሊጀምሩት የሚገባ ነው።

ቀዳሚው የደም ግፊት ነው። ግፊት አይታይም፤ አያምም፤ ለዓመታት ግን የአንጎልን ደም ሥሮች ይጎዳል። መለኪያው 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተደጋገመ ሕክምና ያስፈልገዋል። በወጡም በዳጣውም በቆጮውም የሚገባው ጨው ተደምሮ ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም ከ5 ግራም፣ እንዳይበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ስኳር በሽታም እንዲሁ በጊዜ መታወቅና መያዝ አለበት። ገጠር ያለው ገበሬ በእግሩ ስለሚሄድና ስለሚቆፍር አካሉ ይንቀሳቀሳል፤ ወደ ከተማ ገብቶ ወንበር ላይ የዋለው ግን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ያስፈልገዋል። ለቅዳሴ በእግር መሄድም ከዚሁ ይቆጠራል።

በጎጆ ውስጥ የሚነድ የማገዶ ጭስ ዓይንንና ሳንባን ብቻ የሚጎዳ ይመስለናል፤ የአየር ብክለት ግን ለመርሳት በሽታም ከሚያጋልጡት አንዱ ነው። የተሻሻለ ምድጃ ማስፋፋት የደን ጥበቃ ብቻ ሳይሆን የእናቶችን አእምሮ መጠበቅም ነው። በሶዶ ጎዳናዎች በሞተር ሳይክል የሚመላለሱ ወጣቶች ሄልሜት ማድረጋቸው ከ40 ዓመት በኋላ ለሚኖራቸው ትውስታ ዋስትና ነው፤ የራስ ቅል ጉዳት ከአጋላጮቹ አንዱ ነውና። በዝክርና በሰንበቴ የአረቄን መጠን መቀነስም ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

ትምህርትም እንዲሁ ነው። በልጅነቱ የተማረ፣ በጎልማሳነቱም መማር ያላቋረጠ ሰው አንጎሉ ጉዳትን የመቋቋም ስንቅ ይኖረዋል። በዚህ ረገድ የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ያቆዩልን ጥበብ አለ። ዳዊት የደገመ፣ ቀጥሎም ዜማ ቤት ገብቶ በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ድጓውን በቃሉ ያጠና ተማሪ ትምህርቱን የያዘው በአንድ ቀን ንባብ አይደለም። ጠዋት የተቀበለውን ማታ ይቀጽላል፤ በነጋታው ለየኔታ ያሰማል፤ ከሳምንት በኋላም ይከልሳል። በዓይን ብቻ ሳይሆን በድምፅ፣ በጆሮና በአካል እንቅስቃሴ ይማራል። ይህ አደራረግ፣ ማለትም ጊዜ እያራራቁ መከለስና መጽሐፉን ዘግቶ ከልብ አውጥቶ ማሰማት፣ ለማስታወስ እጅግ ከሚጠቅሙት ዘዴዎች መካከል መሆኑን የዘመኑ የሥነ ልቦና ጥናትም ያረጋግጣል። ስለዚህ በሽምግልና ዘመን አዲስ መዝሙር መማር፣ ለልጅ ልጅ ታሪክ መተረክ፣ ያልተማሩ እናቶች በጎልማሶች ትምህርት ፊደል መቁጠራቸው እንደ ጨዋታ አይታይ። በአንጻሩ «የማስታወስ ኃይል ይጨምራል» ተብሎ በውድ ዋጋ የሚሸጠውን እንክብል ሁሉ ማመን አይገባም፤ ጉድለት ለሌለበት ሰው የመርሳት በሽታን እንደሚከላከል የተረጋገጠ እንክብል የለም።

ከሁሉ በላይ ብቸኝነት አእምሮን ያደርቃል። አረጋውያን በጉታራ ተቀምጠው መጨዋወታቸው፣ በማኅበርና በዕድር መገኘታቸው የሥራ ፈት ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም፤ ጤና ነው። እግራቸው ደክሞ የቀሩትን የሚተካ ጉብኝት ካልኖረ፣ ከቤተ ክርስቲያን የቀሩት በአካል ብቻ እንዳይመስለን።

ጠበልና መድኃኒት

አባቶቻችን፣ አረጋውያን ሲታወኩ ቤተሰብ ቀድሞ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። ይህ ታላቅ አደራ ነው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ምእመናን ጠበል እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን በአደባባይ ማስተማራቸው ይታወሳል። ይኸው ትምህርት የደም ግፊት፣ የስኳርና የአእምሮ ሕመም ላለባቸው አረጋውያንም ይሠራል። ጠበል ቦታ የመጣውን አረጋዊ «መድኃኒት ይወስዳሉ? ዛሬስ ወስደዋል?» ብሎ መጠየቅ የእምነት ማነስ አይደለም። የታወከ አረጋዊን ማሰር፣ በብርድ ማሳደር፣ ምግብና ውኃ መከልከል ግን ጉዳት ነው፤ ሊከለከልም ይገባል።

በመቅደስ ያሉ አረጋውያን

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ የገዛ አገልጋዮቻችን ጉዳይ ነው። አርባ ዓመት የቀደሱ ካህን አንድ ቀን የጸሎቱ ቦታ ይጠፋባቸዋል። ዲያቆናቱ ይተያያሉ፤ ምእመናን ያንሾካሽካሉ፤ ካህኑም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይደብቃሉ፤ ባለቤታቸውም አብረው ይደብቃሉ። ለምን ይደብቃሉ? ክብራቸው ብቻ ሳይሆን እንጀራቸውም በአገልግሎቱ ላይ ስለተንጠለጠለ ነው። ምስጢሩ ሲገለጥ የወር ደመወዝ ይቋረጣል ብለው ይፈራሉ። በዚህ ፍርሃት ምክንያት ሊታከም የሚችለው ሕመም ሳይታከም ዓመት ያልፈዋል።

ይህን ፍርሃት ማስወገድ የሚችለው ሰበካ ጉባኤው ነው። ማንም ከመታመሙ በፊት፣ በሰላሙ ጊዜ፣ የታመመ አገልጋይ እንዴት እንደሚያዝ ይወስን። ቅዳሴ በአምስት ልኡካን የሚፈጸም መሆኑ ራሱ መፍትሔ ያመለክተናል፤ ያረጁት ካህን ከጎናቸው ብርቱ ካህን ተመድቦ፣ መጽሐፉ ተገልጦ፣ ቀላሉን ክፍል ይዘው ሊያገለግሉ ይችላሉ። ይህም ሲያቅት ቡራኬ እየሰጡ፣ ለአብነት ተማሪዎች የሚያውቁትን እያሰሙ በክብር ይኑሩ። ደመወዛቸው ወይም መቋቋሚያቸው አይቋረጥ። የንስሐ ልጆቻቸውም በጊዜው ለሌላ አባት በአደራ ይሰጡ።

በቤት ውስጥ

በሽታው ከተረጋገጠ በኋላ ሕመምተኛውን በክርክር ማሸነፍ አይቻልም። ከብዙ ዓመት በፊት የሞተ ወንድማቸውን «መቼ ይመጣል?» ብለው ሲጠይቁ «ሞቷል እኮ!» ማለት በየቀኑ አዲስ ለቅሶ ማስቀመጥ ነው። «ናፈቀዎት? እስቲ ስለ እርሱ ይንገሩን» ማለት ይበልጣል። የቅርቡ ቢጠፋም የሩቁ ብዙ ጊዜ ይቆያልና ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ሠርጋቸው፣ ስለ ዋዱ ዘመን እንጠይቃቸው። በጎልማሳነት የተማሩት አማርኛ ሊጠፋና የእናታቸው ቋንቋ ወላይትኛ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ወላይትኛ የሚችል አጽናኝ ይመደብላቸው። የልጅ ልጃቸውን ስም የረሱ እናት አቡነ ዘበሰማያትን ሲጀምሩላቸው እስከ መጨረሻው ሊከተሉ ይችላሉ፤ ዜማና ጸሎት በአእምሮ ውስጥ ጥልቅ ሥር አላቸውና። ሥጋ ወደሙ ለመቀበል ሲመጡም ታግሦ የሚረዳቸው ሰው ይኑር።

አስታማሚዋን አንርሳ። በአብዛኛው ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት፤ ሌሊት አትተኛም፤ ገበያ አትወጣም፤ ቅዳሴም ቀርቶባታል። አንድ የማኅበር አባል በሳምንት ግማሽ ቀን ተቀምጦላት እርሷ ብትወጣ ለታማሚውም ሕክምና ነው።

በመጨረሻም ስለ ንብረት አንድ ቃል እንናገራለን። የሚያደርጉትን በማያስተውሉ አረጋዊ ጣት አሻራ የመሬት ወይም የቤት ሰነድ እንዳይፈረም ካህናት ለምስክርነት ሲጠሩ ይጠንቀቁ። ምስክር ከመሆን በፊት አረጋዊውን ለብቻቸው ማነጋገር፣ ለማን ምን እንደሚሰጡ በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ ማድረግ ይገባል። ካላስተዋሉ አለመመስከር ነው። ኑዛዜና የንብረት ጉዳይ አእምሮ ገና ሳለ ቢጠናቀቅ ወንድማማቾችን ከፍርድ ቤት ያድናል።

ከዚህ ስንመለስ

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ አምስት ሥራዎችን ለየሰበካ ጉባኤው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ጋር በመነጋገር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ግቢ የደም ግፊት ልኬት ይደረግ። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ያልታቀፉ አረጋውያንም በዚያው ይለዩ፤ ለማይችሉትም መዋጮው ይታሰብላቸው።

ሁለተኛ፣ ብቻቸውን የሚኖሩና ከቤት የዋሉ አረጋውያን ስም ተመዝግቦ ለማኅበራትና ለሰንበት ትምህርት ቤት በየሳምንቱ ጉብኝት ይከፋፈል።

ሦስተኛ፣ መንገድ ለሚጠፋባቸው አረጋውያን ስማቸው፣ ቀበሌያቸውና የቤተሰብ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት በልብሳቸው ኪስ ይደረግ ወይም ይሰፋ፤ ለገበያና ለመናኸሪያ አካባቢ ወጣቶችም ይነገር።

አራተኛ፣ የታመመ አገልጋይ የሚያዝበት ውሳኔ በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

አምስተኛ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ደብተርና ስልክ ይዘው ከአረጋውያን ዘንድ ይቀመጡ። የአጥቢያውን ታሪክ፣ የትውልድ ሐረግን፣ የይዞታ ድንበርን፣ የደጋግ ሰዎችን ሥራ በወላይትኛም በአማርኛም ይመዝግቡ። ይህ ሥራ ሁለት ፍሬ አለው፤ ለአጥቢያው መዝገብ ይሆናል፤ ለአረጋውያኑም «የምትፈለጉ ናችሁ» የሚል መልእክት ነው። ነገ ዛሬ ሳይባል የሚጀመረው ይህ ነው። ሌሎቹ አራቱ ቢዘገዩ ሊካካሱ ይችሉ ይሆናል፤ ሳይመዘገብ የጠፋ ትውስታ ግን አይመለስም።

አባትና እናትን ማክበር ታዘናል። ያ ትእዛዝ የሚፈተነው እነርሱ ስማችንን ሲጠሩና ሲመርቁን አይደለም፤ ስማችንን ሲረሱ ነው። እነርሱ ቢረሱን እኛ አንርሳቸው።

ልዑል እግዚአብሔር አረጋውያኖቻችንን በጤና ይጠብቅልን፤ ለታመሙት ምሕረቱን፣ ለሚያስታምሙት ጽናቱን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።